ውሉ አንድ ዓመት ይላል፣ ሕጉ ግን ሁለት

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከአዲስ አበባ፣ ከየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ነው። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራይተን እንኖራለን። ባለቤቴ ሹፌር ነው፤ እኔ ቤት ውዬ ልጆቹን አሳድጋለሁ። የቤቱ ባለቤት አሜሪካ የሚኖሩ ወይዘሮ ስለሆኑ ያከራየን ወንድማቸው ነው። መስከረም 2017 ላይ በወር 12,000 ብር ለአንድ ዓመት ተዋዋልን፤ ሁለት ምስክሮችም ፈረሙበት። ወረዳ ግን አልተመዘገበም። ወንድምየው “ግብር ያመጣብናል፣ በመተማመን እንሂድ” ሲለን ዝም አልን። ኪራዩን አንዳንዴ በባንክ፣ አንዳንዴ በእጁ እንሰጠዋለን።

አሁን “ዓመቱ አልቋል፣ ውላችን ፈርሷል፤ ዶላር የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ 18,000 ብር ነው፤ የስድስት ወሩንም በቅድሚያ ትከፍላላችሁ። ካልሆነ ቤቱን ልቀቁ” አለን። አዲስ ውል ይዞ መጥቶም ነበር፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ግን 6,000 ብር ነው። “ለመንግሥት የሚቀርበው ይህ ነው” ይላል። ባለቤቴ ከሰው ጋር መካሰስ አይወድም፤ ተበድሬም ቢሆን ልክፈልና እንገላገል እያለ ነው። ልጆቹ የሚማሩት እዚሁ ሰፈር ነው። ምን ይመክሩናል? የኩሽናውን ሴራሚክና የግድግዳውን ቀለም በራሳችን ወጪ አሠርተናል፤ ከኪራዩ ላይ መቀነስ እንችላለን? ሲመሽ ሳሎን ውስጥ ለሰው ልብስ ስለምሰፋ ቤቱን ከለቀቅን ደንበኞቼንም ላጣ ነው።

ት. ነኝ፣ ከየካ አባዶ

መልስ

እኅቴ ት.፣

ባለቤትሽ ሊበደር ያሰበውን ገንዘብ ገና ካልተቀበለ ይቆይ፤ ተቀብሎ ከሆነም ለአበዳሪው ይመልስ። በዚህ ሳምንት የምትፈርሙት ወረቀት የለም፤ ከ12,000 ብር በላይ የምትከፍሉት ኪራይም የለም። ይህን በድፍረት የምጽፍልሽ ጉዳያችሁ ቀላል ስለሆነ አይደለም። ወንድምየው ካነሳቸው ሦስት ነገሮች፣ ከውሉ ማለቅ፣ ከጭማሪውና ከቅድመ ክፍያው፣ በሕግ ፊት የሚቆም አንድም ስላላገኘሁ ነው። በእናንተም በኩል ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ እነሱንም ሳልነግርሽ አላልፍም።

“ዓመቱ አልቋል፣ ውሉ ፈርሷል” ካለው እንጀምር፤ ሌላው ሁሉ የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 2016 ላይ ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥሩ 1320/2016፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ዘመን ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም ይላል። እናንተ የተዋዋላችሁት ደግሞ አዋጁ ከወጣ በኋላ፣ መስከረም 2017 ላይ ነው። ወረቀቱ ላይ “ለአንድ ዓመት” ተብሎ ስለተጻፈና ምስክር ስለፈረመበት ሕግ ያስቀመጠው ወለል ዝቅ አይልም። እንዲህ ዓይነቱ ድንጋጌ የወጣው ተከራይን ቸግሮት ከሚፈርመው ወረቀት ለመጠበቅ ነው። ስለዚህ ቆጠራው የሚያበቃው መስከረም 2019 ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ውል ያላችሁ፣ ሙሉ ተከራዮች ናችሁ።

ጭማሪውን እንይ። አከራይ ኪራይ መጨመር አይችልም የሚል ሕግ የለም፤ ይችላል። የሚችለው ግን በዓመት አንድ ጊዜ፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን ብቻ ነው። በአዲስ አበባ ይህን ሥራ የያዘው የከተማው ቤቶች ልማትና አስተዳደር ቢሮ ሲሆን የሚሠራውም እስከ ወረዳ ድረስ ባሉት ጽሕፈት ቤቶቹ ነው። ከ12,000 ወደ 18,000 ማለት የነበረውን ኪራይ ግማሽ መጨመር ነው፤ በዓመት 72,000 ብር። ይህን ቁጥር ወንድምየው ከደላላ ሰምቶት ይሆናል፤ ከቢሮው እንዳልሰማው ግን እገምታለሁ። ወረዳችሁ ሄደሽ “ዘንድሮ የተፈቀደው የኪራይ ጭማሪ ስንት ነው?” ብለሽ ጠይቂ። ማስታወቂያ ተለጥፎ ከሆነ በስልክሽ ፎቶ አንሺው። የተፈቀደ ጭማሪ ካለ እሱን ያህል ትከፍላላችሁ፤ ከዚያ በላይ ያለው ግን ልመና እንጂ መብት አይደለም።

ብዙ ሰው “የግል ቤት ነው፣ ባለቤቱ የፈለገውን ይጠይቃል” የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የኪራይ ዋጋ ለተዋዋዮቹ ስምምነት የተተወ ነበር። በ1967 ደርግ ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ የቀበሌ ቤት ኪራይ ለዐሥርት ዓመታት እዚያው ቆሞ ቀረ፤ ከግለሰብ የሚከራየው ግን ከአከራዩ ጋር ፊት ለፊት ተፋጦ ኖረ። 2014 ላይ የአዲስ አበባ አስተዳደር ኪራይ መጨመርንና ተከራይ ማስወጣትን ለተወሰኑ ወራት ከልክሎ፣ ክልከላውን ደጋግሞ ሲያራዝም እንደነበር ታስታውሺ ይሆናል። ያ ጊዜያዊ ነበር። የአሁኑ ግን አዋጅ ነው፤ ወር ቆጥሮ አይሞትም።

ስለ ዶላሩ አንድ ነገር ልበል፤ ይህ ምክንያት በየቤቱ ሲነገር ስለምሰማ ነው። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬን ለገበያ የለቀቀው ሐምሌ 2016 መጨረሻ አካባቢ ነው። በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። እናንተ በ12,000 ብር የተዋዋላችሁት ከዚያ በኋላ ነው። ትልቁ ዝላይ ዋጋችሁ ውስጥ አስቀድሞ ገብቷል ማለት ነው፤ ወንድምየው አንዱን ዕቃ ሁለት ጊዜ እየሸጠ ነው። ደግሞም የጋራ መኖሪያ ቤት ዕዳ የሚከፈለው በብር ነው፤ በ20/80 ይሁን በ10/90 የቁጠባ ፕሮግራም የተገኘ፣ ባንኩ ከባለዕድሉ የሚጠብቀው ዶላር አይደለም። ለፍትሕ ያህል ግን ይህንንም ልጨምር። የሲሚንቶው፣ የቧንቧ ሠራተኛው፣ የቤት ግብሩ ዋጋ ጨምሯል፤ አከራይ ሁሉ ስግብግብ አይደለም። በዚያች ኪራይ ብቻ የሚተዳደሩ አረጋውያን አከራዮችም አሉ። ሕጉ ጭማሪን ጨርሶ ያልዘጋው ለዚህ ይመስለኛል።

የስድስት ወሩ ቅድመ ክፍያ ብዙ አያከራክርም። አዋጁ ከሁለት ወር ኪራይ የበለጠ ቅድመ ክፍያ መጠየቅን ከልክሏል። እናንተ የተጠየቃችሁት 108,000 ብር ነው፤ በትክክለኛው ኪራያችሁ ሲሰላ ሕጉ የሚፈቅደው ቢበዛ 24,000 ብር ነው። ያውም ለምን አሁን? ቅድመ ክፍያ ቤት ሲገባ የሚጠየቅ እንጂ ለሚኖርበት ሰው በየዓመቱ የሚታደስ መዋጮ አይደለም።

በደብዳቤሽ በጣም ያስጨነቀኝ ሁለተኛው ወረቀት፣ 6,000 ብር የተጻፈበት ነው። ሰዎች ይህን እንደ ዘዴ ያዩታል፤ አከራይ ከግብር ይተርፋል፣ ተከራይም ቤቱን አያጣም ይባላል። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ፈርማችሁ 108,000 ብር በእጁ ሰጣችሁት እንበል። ሦስት ወር እንደኖራችሁ “ቤቱ ሊሸጥ ነው፣ ልቀቁ” አለ። የቀሪው ሦስት ወር ገንዘባችሁ 54,000 ብር ነው። ፍርድ ቤት ስትቆሙ ግን የፈረማችሁት ወረቀት የሚመሰክረው ለሦስት ወር 18,000 ብር ብቻ ነው። የቀረውን 36,000 መስጠታችሁን ማን ያስረዳላችኋል? ለሐሰተኛው ወረቀት የሰጣችሁት ፊርማ መልሶ እናንተኑ ይይዛችኋል፤ ለመንግሥት አካል ሐሰተኛ መረጃ በማቅረብም ከአከራዩ ጎን ትቆማላችሁ። የኪራይ ገቢ ግብር የአከራዩ ዕዳ ነው። እሳቸው ሊያሳንሱት ሲፈልጉ ማሳነሻው የእናንተ ስም ሊሆን አይገባም።

አንዳንድ ብልጥ ሰው ደግሞ “ፈርሚለትና ወረቀቱ ላይ ያለውን 6,000 ብቻ ክፈዪ፤ ምን ያመጣል?” ይልሽ ይሆናል። አትስሚው። አንደኛ፣ ቃልሽን ያጠፋሽው አንቺ ትሆኛለሽ። ሁለተኛ፣ እንዲህ የተሞኘ አከራይ ቤቱን ለማስለቀቅ የማይቆፍረው ጉድጓድ የለም።

አሁን ወደ እናንተ ቀዳዳዎች። የመጀመሪያው ምዝገባው ነው። አዋጁ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ ቀርቦ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ግዴታው የሁለታችሁም ነው። ወንድምየው “በመተማመን እንሂድ” ሲል ዝም ያላችሁት እናንተም ናችሁ፤ መዘግየቱ ቅጣት ሊያስከትል ይችላል። ይሁን እንጂ ያልተመዘገበ ውል ማለት እናንተ ከመንገድ ላይ የገባችሁ ናችሁ ማለት አይደለም። በእጃችሁ የተፈረመ ወረቀት አለ፤ ምስክሮች አሉ፤ ባንክ የገባ ኪራይ አለ፤ የልጆቻችሁ የትምህርት ቤት አድራሻ አለ። ዋናውን ውል፣ የመታወቂያችሁን ቅጂና የባንክ ደረሰኞቹን ይዛችሁ ወረዳው ቤቶች ጽሕፈት ቤት ሂዱና “ውላችንን ልናስመዘግብ መጥተናል፣ አከራያችን አልቀረቡም” በሉ። “ሁለታችሁም ካልመጣችሁ አንመዘግብም” ልትባሉ ትችላላችሁ። ባዶ እጃችሁን አትመለሱ። ይህንኑ የሚገልጽ ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ጽፋችሁ አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ አድርጉ፤ በሌላው ላይ ቀንና ማኅተም አስመቱበት። ያ ማኅተም ነገ “ማስመዝገብ ያልፈለገው ማን ነው?” ሲባል መልስ ይሆናል። ቅሬታችሁን፣ ማለትም ሕገ ወጥ ጭማሪውንና የስድስት ወሩን ጥያቄም በዚያው ማመልከቻ አስገቡ።

ሁለተኛው ቀዳዳ በመጨረሻው መስመር ላይ ጣል አድርገሽው ያለፍሽው የልብስ ስፌት ነው። እኔ ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው እሱ ላይ ነበር። ሕጉ ተከራይን አጥብቆ ቢጠብቅም አከራይ ውሉን እንዲያቋርጥ የሚፈቅድባቸው ምክንያቶች አሉ፤ ኪራይ አለመክፈል፣ ጎረቤት መረበሽ፣ ቤቱን ሆን ብሎ ማበላሸት፣ የመኖሪያ ቤቱን ለንግድ ማዋል። የራስሽንና የልጆችሽን ልብስ መስፋት ማንንም አይመለከትም። ደንበኛ በር እያንኳኳ ሲለካና ሲረከብ ከዋለ ግን “ቤቱን ሱቅ አደረጉት” የሚል ሰው አይጠፋም፤ በጋራ መኖሪያ ቤት ደረጃ ላይ የሚወጣና የሚወርደውን ሁሉም ያያል። ነገሩ እስኪረጋጋ ደንበኞችሽን በየቤታቸው ሄደሽ ለኪ፤ ከወይዘሮዋም “ቤት ውስጥ ልብስ መስፋቷን ፈቅጃለሁ” የሚል አንድ መስመር በጽሑፍ ለማግኘት ሞክሪ። እስካሁን ወንድምየው አይቶ ዝም ማለቱ ይጠቅምሽ ይሆናል፤ በዝምታ ላይ ተማምኖ ግን ልጅ ይዞ አይታደርም።

የወሩ ቀን ሲደርስ ምን ታደርጋላችሁ? 12,000 ብሩን በተለመደው ቀን፣ በባንክ ታስገባላችሁ። ተናዳችሁ ኪራይ ብታቆሙ ጨዋታው ያልቃል፤ ወንድምየው የሚፈልገው በር ያ ነው። አዋጁ ኪራይ በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ስለሚያዝ “በእጄ ካልሰጣችሁኝ” ማለት አይችልም። በቴሌብር ወይም በባንክ መተግበሪያ ስትልኩ ምክንያት የሚጻፍባትን ክፍት ቦታ ባዶ አትተዋት፤ የወሩን ስም ጠቅሳችሁ “የጥቅምት 2018 የቤት ኪራይ” ዓይነት ነገር ጻፉባት። ይህች መስመር ከሁለት ምስክር ትበልጣለች። እስካሁን በእጅ የሰጣችሁትንም ቀኑንና ልኩን ከባለቤትሽ ጋር አስታውሳችሁ መዝግቡት፤ በስልክ መልእክት “ደርሶኛል” ያላችሁ ካለ አታጥፉት። ገንዘቡን ከመለሰው ወይም አልቀበልም ካለ ሕጉ ዕዳን በፍርድ ቤት በኩል ማስቀመጥን ይፈቅዳል፤ ያኔ ከፋይ ናችሁ እንጂ ባለዕዳ አይደላችሁም። ደግሞ “ለዛሬ ብቻ፣ ለሰላም ሲባል” ብላችሁ አንዲት ወር 18,000 እንዳትከፍሉ፤ ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። የአንዱ ወር ክፍያ በሚቀጥለው ወር “ተስማምተው ነው የጀመሩት” ተብሎ ይቀርብባችኋል።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። ይህ ሰው ማን ነው? ወንድም መሆን ውክልና አይደለም። አሜሪካ ያሉ ሰው እዚህ ቤታቸውን የሚያስተዳድርላቸው ወኪል ሲያቆሙ፣ ውክልናው በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ተሰጥቶ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ፣ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ዘንድ ይመዘገባል። ማከራየትና ኪራይ መቀበልን የሚጠቅስ የተመዘገበ ውክልና እንዲያሳያችሁ በጨዋ ቋንቋ ጠይቁ። ከሌለው አዲስ ውል ሊያስፈርማችሁ ቀርቶ የመጀመሪያውንም በምን ሥልጣን እንደፈረመ ያጠያይቃል። ይህን ግን ለማስፈራሪያ አትምዘዙት፤ የእናንተ ውል የቆመውም በዚያው ፊርማ ላይ ነው።

ከልምድ የማውቀው ደግሞ፣ የቤቱ ባለቤት ስለ ጭማሪው ምንም ሳያውቁ የሚቀሩበት አጋጣሚ ብዙ ነው። እዚህ 18,000 ተቀብሎ እዚያ 12,000 የሚልክ ዘመድ ሞልቷል። የእናንተው እንዲህ ነው አልልም። ቢሆንም የወይዘሮዋን ስልክ ካገኛችሁ እንዲህ ብላችሁ ላኩላቸው፦ “ክብርት ወይዘሮ፣ መስከረም 2017 በተዋዋልነው መሠረት የዚህን ወር ኪራይ 12,000 ብር በባንክ አስገብተናል። ወንድምዎ ኪራዩ 18,000 ብር እንዲሆንና የስድስት ወር ቅድመ ክፍያ እንድንሰጥ ጠይቀውናል። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት በዚህ ዓመት የተፈቀደ ጭማሪ ካለ ለመክፈል ዝግጁ ነን። ውላችንን በወረዳው ለማስመዝገብ እርስዎ ወይም ሕጋዊ ወኪልዎ የሚመቻችሁን ቀን እንዲያሳውቁን በአክብሮት እንጠይቃለን።” ስድብ የለበትም፣ ዛቻ የለበትም፤ ዳኛ ፊት ቢነበብ ደግሞ የሚያሳፍር ቃል የለውም። ለወንድምየውም ያንኑ ላኩለት።

ባለቤትሽ መካሰስ አለመውደዱን አከብራለሁ። እስካሁን ከዘረዘርኩት ግን ክስ የሚባል ነገር የለም፤ ባንክ ሄዶ ኪራይ መክፈል፣ ወረዳ ሄዶ ማመልከቻ ማስገባት፣ በስልክ መልእክት መላክ ነው። ክስ የሚመጣው ወንድምየው በጉልበት ከመጣ ነው። ቁልፍ ቢቀይር፣ ውኃ ቢያዘጋ፣ ዕቃችሁን ደረጃ ላይ ቢያወጣ፣ ከቤት የሚያስወጣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ እንጂ የአከራይ ቁጣ አይደለም። በዚያው ቀን ፖሊስ ጣቢያ አመልክቱ። “የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፣ ፍርድ ቤት ሂዱ” ሊሏችሁ ይችላሉ፤ አይክፋሽ፣ አቤቱታችሁ በቀኑ እንዲመዘገብ ብቻ አጥብቃችሁ ለምኑ። ከዚያ ፍርድ ቤት ቀርባችሁ እግድ መጠየቅ ይቻላል። ለጠበቃ የሚከፈል ከሌለ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች በነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል፤ የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው። “ቤቱን ሸጫለሁ” ካለም አትደንግጡ፤ ቤት ሲሸጥ ተከራይ በማግሥቱ አይወጣም፣ ሕጉ የማስጠንቀቂያ ጊዜ አስቀምጧል። ሽያጩን በሰነድ ያሳያችሁ።

አንድ ነገር ግን አልደብቅሽም። ሕጉ ዋጋውን ይጠብቅላችኋል፤ የአከራይን ፊት ግን አያበራላችሁም። አከራይ ግቢ ውስጥ የሚኖሩ ተከራዮች ሲጽፉልኝ ምክሬ አንዳንዴ ይለያል። የውጭ በር በጊዜ እየተቆለፈባት፣ የልብስ ማስጫ ገመዱ እየተበጠሰባት፣ ልጇ በሳቀ ቁጥር “ጫጫታ” እየተባለች መብት አለኝ ብላ የምትኖር እናት መብቷን በጤናዋ ትገዛዋለች። ለእንዲህ ያለችው “ጊዜሽን ወስደሽ ቤት ፈልጊ” ያልኩበት ቀን አለ። የእናንተ ግን የተለየ ነው፤ በራችሁ የራሳችሁ ነው፣ አከራያችሁ ባሕር ማዶ ናቸው፣ ወንድምየውም በወር አንዴ ነው የሚመጣው። ወጥታችሁ ሌላ ብትፈልጉ ደግሞ የደላላ ክፍያ፣ የዕቃ መጫኛ፣ የአዲስ ቤት ቅድመ ክፍያና በዓመቱ አጋማሽ የልጆች ትምህርት ቤት መቀየር ይጠብቃችኋል። እኔ በእናንተ ቦታ ብሆን ቢያንስ እስከ መስከረም 2019 አልነቃነቅም። ሁለት የሰፈር ሽማግሌ አስቀምጣችሁ ወንድምየውን ማነጋገሩም መልካም ነው፤ ብቻ ሽማግሌዎቹ “በመሃል 15,000 አድርጉት” ብለው ሊያስማሟችሁ ሲሞክሩ እሺ አትበሉ። ሽምግልና ጥል ያበርዳል እንጂ አዋጅ አያሻሽልም።

የሴራሚኩንና የቀለሙን ወጪ ከኪራዩ ላይ አትቀንሱ። ስታሠሩት ወጪው ከኪራይ እንዲታሰብ በጽሑፍ ካልተስማማችሁ በስተቀር፣ በራስ ፈቃድ የተቀነሰ እያንዳንዱ ብር “ያልተከፈለ ኪራይ” ተብሎ ሊቆጠርባችሁ ይችላል፤ እሱ ደግሞ ወንድምየው የሚፈልገው ነው። ደረሰኞቹን ግን አስቀምጡ። ከወይዘሮዋ ጋር መነጋገር ስትጀምሩ የኩሽናውን ፎቶ ላኩላቸውና ወጪውን በሚቀጥሉት ወራት ኪራይ ላይ ያስቡላችሁ እንደሆነ ጠይቁ። ከተስማሙ መልእክቱን አስቀምጡት፤ ካልተስማሙ ቀለሙ ለእናንተው ዓይን ይሁን።